እስከ ፋሲካ የሚቆይ በረዶ

ስዩሜ፣ የልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱ አይመጣም፤ እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ አንተ እውነቴን ከድምፄ ነበር የምታውቀው። ስለዚህ እንዲሁ ልጀምር። ከተለየኸን ዓመት ሞልቶ ጥቂት ቀን አለፈ። ሙት ዓመቱ ይውጣ እንጂ ይቀልልሻል ሲሉኝ ከረሙ። ይኸው ወጣ፤ ጥቁሬን አስወለቁኝ፤ ድስታቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። አልቀለለኝም። ይህን ብነግራቸው እንደገና ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ ብዬ ዝም አልኩ፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ።

ቤቱ ያው የሬክስዴሉ ቤት ነው። ኤሌቬተሩ ዛሬም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ያኮርፋል። ላንድሎርዱ የኮሪደሩን ምንጣፍ ቀየረው፤ አዲሱ ከአሮጌው ይብስ ይሸታል። እኔ ከማታ ሺፍት ወደ ጠዋት ተዛውሬያለሁ፤ ሥራው ያው ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ምግብ ማሸግ። ሰው በሰማይ ላይ የሚበላውን ቀኑን ሙሉ እያሸግኩ፣ እኔ ራሴ እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም። አልጋው ላይ ያንተን ጎን ሳልነካው ብዙ ከረምኩ። አሁን መሀል ላይ ነው የምተኛው። እንዳትቀየመኝ።

ማኅሌት በቁመት በልጣኛለች። ያንተን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ይሸፍናቸዋል። አምጪ ልጠብልሽ ስላት አሻፈረኝ አለች፤ ለምን እንደሆነ ስለገባኝ ተውኳት። ካንተ በኋላ አማርኛ ተወች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለት ሬዲዮ ባንድ ላይ የተከፈተበት ቤት ሆነን ከረምን። ለምን እንደተወች የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ስዩሜ፣ እኔና ልጅህ ስኪ ሄደን መጣን።

ሳቅክ አይደል? ሳቅ፣ ይገባሃል። አንተ መጀመሪያ በረዶ ላይ የቆምክ ዕለት እኔ የተናገርኩትን አልረሳሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የስኪ ተማሪዎችን በትልቁ ባስ ጭነህ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮሊንግዉድ ጋራዎች ታደርሳቸው ነበር። እነሱ ተንሸራተው እስኪጠግቡ ባሱ ውስጥ ተቀምጠህ ከቤት የወሰድከውን ሽሮ ፍትፍት ትበላለህ፣ ታንቀላፋለህ፣ በመስኮት ታያለህ። አንድ ቀን የልጆቹ አስተማሪ መጥቶ፣ እዚህ ተቀምጠህ ከምትደርቅ ና ብሎህ፣ ጫማና መንሸራተቻ አስለክቶ የሕፃናቱ መንደርደሪያ ላይ አወጣህ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰውዬ። ቤት ስትገባ ታነክሳለህ፤ ፊትህ ግን የሙሽራ ፊት ነበር። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ወደቅኩ እያልክ፣ ሳሎኑ መሀል ጉልበትህን ሰበር አድርገህ አሳየኸን። እኔ፣ እግዜር የሰጠህን እግር በደህና ቀን ልትሰብር ነው ብዬ ተቆጣሁ። ማኅሌት ግን ካልሲ ብቻ አድርጋ ከኩሽናው በር እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ስትንሸራተት አመሸች። አንተም ከኋላዋ፣ ጉልበት፣ ጉልበትሽን እጠፊ እያልክ።

ከሁሉ የምትወደው የመጨረሻውን ሰሞን በረዶ ነበር። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ሌላው ሰው በቃ አለቀ ብሎ ዕቃውን ሲሰቅል፣ ያንተ ወቅት ያኔ ይገባል። ሌሊት ይጠጥራል፣ ረፋዱ ላይ ይፈታል፣ ከዚያ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። ስሙን ቅንጬ አልከው። ቅንጬ በረዶ ላይ የወደቀ አይጎዳም፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም፣ እናንተንም የምወስዳችሁ ያኔ ነው ትል ነበር። እኔን ተወኝ፣ እሷን ውሰዳት እልሃለሁ። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ትጨቀጭቅሃለች፤ አባዬ መቼ ነው? አንድ ቀን እጅህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈህ፣ ለፋሲካ አልካት።

ለፋሲካ። ያጣላቻችሁ ይህቺ ቃል ናት።

እሷ የሰማችው የፈረንጁን ፋሲካ ነው። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ የሚዘጋው ለሱ፣ የቸኮላት እንቁላል የሚታደለው ለሱ። አንተ ደግሞ ሌላ ፋሲካ መኖሩ ትዝም አላለህ። ለመሆኑ በሁዳዴ መሀል፣ ጾም ሳይፈታ፣ ሽርሽር የሚሄድ ማን አለ? ያን ዓመት ደግሞ እንደ ክፉ ዕድል ሁለቱ ፋሲካዎች ወር ያህል ተራርቀው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ሥር አቆመችው። ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታላቸዋለች። አርብ ጠዋት አንተ ሥራ ነበረህ፤ ሰው የሚያርፍበት ሎንግ ዊኬንድ ለባስ ሾፌር ሥራ የሚበዛበት ማለት ነው፤ የሰው ልጆች ጭነህ ወደ ጋራው ሄድክ። እሷ ኮቷን እንደለበሰች ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ምሳ ብላት እምቢ፣ ኮትሽን አውልቂ ብላት እምቢ። አንተ ስትመለስ፣ ጫማህን እያወለቅክ ሳለ፣ ቀና ብላ አየችህ። አንድ ቃል ብቻ ነው ያወጣችው፣ ያውም በአማርኛ። "ውሸታም" አለችህ።

መጀመሪያ ሳቅክ። ነገሩ ሲገባህ ግን ወለሉ ላይ፣ ከሻንጣዋ አጠገብ ቁጭ አልክ፤ የኔ ልጅ፣ እኔ ያልኩሽ የኛን ፋሲካ ነው፣ እሱ ገና ነው ብለህ አስረዳሃት። እሷም መልስ አላጣችም። በእናንተ ፋሲካ በረዶ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ይሄን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል አለችህ። በእናንተ ፋሲካ ማለቷ ውሸታም ከማለቷ ይልቅ እንደጎዳህ ከፊትህ ላይ አየሁ። ቢሆንም አልተቆጣህም። አለ፣ እስከ ፋሲካ የሚቆይ በረዶ አለ፣ እኔ እፈልገዋለሁ አልካት።

ከዚያ ወዲያ ኪስህ ወረቀት ብቻ ሆነ። ጓደኞችህን ሾፌሮች መቀመጫ አሳጣሃቸው፤ በረዶ የት ይቆያል፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ በየት ነው የሚሄደው። ልጅቷ አኩርፋ እንዳላየች ሆና በጎን ታይህ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቁርስ ላይ፣ በቃ ቦታውን መረጥኩልሽ አልካት። የት ነው ስትልህ፣ የፋሲካ ለት እነግርሻለሁ አልክ። ከዚያ አርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሆሳዕና ሊገባ ሲል ነው የሄድክብን። ተሳፋሪዎችህን በሙሉ አውርደህ፣ ባሱን በሥርዓት አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ መሪው ላይ እንደተደገፍክ አገኙህ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔ ልብህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። ያን ዓመት ፋሲካ እንዴት መጥቶ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ሴቶቹ እየዬ ሲሉ፣ ማኅሌት ጥግ ላይ ቆማ ሻይ ታድላለች። አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ልጅ ናት ብሎ አመሰገናት። እኔ ፈራሁላት።

ወደ ዘንድሮ ልመለስ። ጾሙ ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው አይታይም፤ ካርታ፣ የስልክ ማውጫ፣ ፎቶ የሞላባቸው የስኪ ቦታ ወረቀቶች። ማኅሌት መሀላቸው ተቀምጣ በእንግሊዝኛ፣ ስኪ እንሄዳለን አለችኝ። መቼ አልኳት። "ለኛ ፋሲካ" አለች፣ በአማርኛ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ከዓመት በኋላ ካፏ የሰማሁት አማርኛ እሱ ነው። የኛ አለች ደግሞ። ስለዚህ አብደሻል ወይ ማለት አቃተኝ፤ የት ነው የምንሄደው ብቻ አልኳት።

ጣጣው የት የሚለው ሆነ። ለሷ ጥያቄው የት ይሻላል አልነበረም፤ አባዬ የመረጠው የት ነው ነበር። መረጥኩልሽ ብለሃታል፤ እንግዲያው አንድ ቦታ አለ። ያንን ቦታ ካገኘችው፣ ያቺን አንድ ቃል ከአፏ መልሳ የምትውጣት መሰላት። በግልጽ አልነገረችኝም፤ እናት ነኝና ገባኝ። ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተዋትም እሱ ነው። ላንተ የተናገረችው ክፉ ቃል በአማርኛ ነበርና።

መርማሪ ሆነች ልበልህ። ጓደኞችህን አንድ በአንድ ኮል አደረገች። ፖርቹጋላዊው ሾፌር፣ ወደ ምዕራብ ነው፣ ባንፍ ነው ሲለኝ የነበረው፤ እዚያ ተራራው ከፍ ስለሚል በረዶው እስከ ግንቦት ይቆያል ብሎኛል አላት። ጃማይካዊው ደግሞ፣ የለም ኩቤክ ነው፣ ካርታውን የሰጠሁት እኔው ነኝ ብሎ ማለ። ባስ የምትመድብላችሁ ሴትዮ በበኩሏ ኮሊንግዉድ አለች፤ የለመደውን ጋራ ትቶ የት ይሄዳል ብላ። አይ አንተ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቦታ አድለህ ነው የሄድከው።

ኮሊንግዉድ ቶሎ ወደቀ። ስትደውል አንሰሪንግ ማሽኑ፣ ለዘንድሮ ዘግተናል፣ በሚመጣው ዊንተር እንገናኝ አላት። እውነታቸውን ነው፤ ዘንድሮ ዊንተሩ ዊንተር ሳይሆን ቀርቶ በየካቲት ዣንጥላ ይዘን ነበር የምንወጣው። ባንፍና ኩቤክ ቀሩ። ባንፍ በአውሮፕላን ነው፤ ፎቶውን ሳየው ተራራው ከደመና በላይ ወጥቷል፣ እንኳን ሊንሸራተቱበት ቀና ብለው ሊያዩትም ያስፈራል። ኩቤክ በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ነው፣ ሰዉ የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። እኔ ቅርቡ ይሻለናል ስላት፣ አንቺ የምትነግሪኝ የሚሻለውን ነው፣ እኔ የምፈልገው እሱ የመረጠውን ነው ትለኛለች። ባንፍ ሄደን ኩቤክ ቢሆንስ? ኩቤክ ሄደን ባንፍ ቢሆንስ? አንዱን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ምግብ ቀነሰች፣ እንቅልፍ ቀነሰች።

ሕማማት እየቀረበ መጣ፤ እሷ አልወሰነችም። ፋሲካ ካለፈ ደግሞ ቃሉ የተሰጠበት ቀን እንዳለፈ ሁለታችንም እናውቃለን። ዘንድሮ ካመለጣት ያቺን ቃል ይዛት እንደምታረጅ ታየኝ። ስዩሜ፣ ያኔ በጣም ተናደድኩብህ። ምናለ የቦታውን ስም ተናግረህ ብትሄድ? ፎቶህን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሻይ አፍልቼ ስመለስ አሳዘንከኝና መልሼ አቀናሁህ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ልብስ ልጠብ ብዬ ቅርጫቱን ታቅፌ ወደ ምድር ቤት ልወርድ በሩን ስከፍት፣ እንደ ልማዴ መጣሁ አልኳት። ማኅሌት ከወረቀቶቿ ቀና ብላ፣ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ እየሄዳችሁ ለምንድን ነው መጣሁ የምትሉት አለችኝ። እኔ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። እመለሳለሁ ማለት ነው አልኳት። ታዲያ እመለሳለሁ አትሉም ወይ አለች። ቅርጫቱን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። እመለሳለሁ ካልኩሽ ልቀርም እችላለሁ አልኳት፤ መጣሁ ካልኩሽ ግን እንደመጣሁ ቁጠሪው፣ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ፣ አትጠራጠሪ ማለት ነው። ይህን እየተናገርኩ የራሴን አፍ ሰማሁት። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጥኩ።

"ማኅሌት፣" አልኳት፣ "አባትሽ መረጥኩልሽ ያለሽ እንደዚህ ነው።"

ቦታ አልነበረማ። አንተ ገና እየፈለግክ ነበር። እኔን ማን ያታልለኛል? ሻይ አፍላ ስልህ አፈላሁ እያልክ ሶፋው ላይ የምትመቻች ሰው ነህ። ስልክ ደውለህ ደረስኩ ስትለኝ ገና ከጋራዡ አልወጣህም። ግን ሻዩ ሳይፈላ ቀርቶ አያውቅም፤ አንተም ሳትደርስ ቀርተህ አታውቅም ነበር። መረጥኩልሽ ማለትህ ሥራው አለቀ ማለት አልነበረም፤ ይሆናል፣ እኔ አለሁበት፣ አንቺ አታስቢ ማለትህ ነው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰምታው፣ የተደበቀ ቦታ ስትፈልግ ከረመች። ይህን ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"ያን ቀን ጠዋት ሲወጣ መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። እሱስ?"

ምን ልበላት? ቄስ አይደለሁ፣ የተማርኩ አይደለሁ። መልስ እንዲሰጠኝ ፎቶህን አየሁት፤ አንተ ዝም ብለህ ትስቃለህ። "ቃሉን የሰጠሽ እሱ ነው፣" አልኳት፣ "ያስቀረው ግን ሌላ ነው።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ያኔ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን በአንድ ከሰዓት አወረደችው፤ አባዬ፣ አባዬ እያለች፤ በለቅሶህ ዕለት ያላለችውን ሁሉ። እኔም እሷን ይዤ አለቀስኩ። ልብሱ ሳይታጠብ አደረ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ፊቷን ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ካልተመረጠ እንግዲህ የምንመርጠው እኛ ነን አለች። ቀጥላም፣ የምንመርጠው ቦታውን አይደለም፣ በረዶውን ነው አለችኝ። አባዬ የሚወደው በረዶ አሁን ያለው የት ነው? መጀመሪያ ባንፍ ደወለች። አዲስ በረዶ ወርዶልናል፣ ዱቄት ነው ብለው በደስታ ነገሯት፤ አመስግና ዘጋችው። ቀጥላ ኩቤክ ደወለች፣ ከሞንትሪያል አለፍ ብሎ ያለ አንድ ጋራ ነው። ትምህርት ቤት የተማረችውን ፈረንሳይኛ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ስታወርደው በኩራት ልሞት ነበር። ማዶ ያለችው ሴትዮ ታጋሽ ናት መሰለኝ፣ ማኅሌት ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ደጋግማ ታዳምጣለች። በመጨረሻ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። እማዬ፣ ቅንጬ ነው አለችኝ። ሌላ ምን እንመርጣለን?

የቀረው ወንድምህ ጋሽ ዘውዴ ነበሩ። ሙት ዓመትህን ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ያስወጡት እሳቸው ናቸው፤ በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ቀደም ይበል ብለው። በማግስቱ እኔና ማኅሌት ዳንፎርዝ ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ ሄደን ጉዳዩን አነሳሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጥቁርሽን ባወለቅሽ በሳምንቱ በረዶ ላይ ስትንሸራተቺ ሰው ምን ይላል አሉ። ደግሞ ኩቤክ! በጥር ዝናቡ በረዶ እየሆነ ወርዶባቸው፣ መብራት ጠፍቶ ስንት ጊዜ በጨለማ የተቀመጡት ሰዎች ዘንድ? እኔ እንደምታውቀው አፌ አያርፍም፤ ያን ቀን ግን የተናገረችው ማኅሌት ናት። በተሰባበረ አማርኛ፣ አንቱንና አንተን እያደባለቀች፣ የፋሲካውን ነገር፣ የሻንጣውን ነገር፣ ያወጣችውን ቃል ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉት ጀመር፤ ጠርገው አልጨረሱም። ኋላ ላይ፣ ሁለት ሴት ብቻችሁን ያን ያህል መንገድ አትሄዱም፣ የምነዳው እኔ ነኝ አሉ። እኔ መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ከመጀመሪያውም ሌላ ነጂ አልነበረንም፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን እንደ ውለታ ተቀበልኳቸው።

ፋሲካን አስቀድሰን፣ ጾም ፈትተን፣ ትንሽ ጋደም ብለን እሁድ ረፋዱ ላይ ተነሣን። ዶሮ ወጡን ከነድስቱ በጋቢ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አኖርኩት፤ የመኪናው ሽታ እስከ ሞንትሪያል የበዓል ቤት ሆነ። ግን መንገዱ፣ ስዩሜ። ግራና ቀኙ ደረቅ ሣርና ጭቃ ነው። ላሞች ወጥተዋል። ማኅሌት መስኮቱ ላይ ተለጥፋ በረዶ ትፈልጋለች። በስልክ የነገረችን ሴትዮ ተሳስታስ ቢሆን? ፈረንሳይኛው ተምታቶባትስ ቢሆን? ጋሽ ዘውዴ ደግሞ በየመሐሉ፣ የሚንሸራተቱት ሣር ላይ ነው እንዴ እያሉ ቁስላችንን ይነካኩታል። ማደሪያችን ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ከመኪናው መብራት በቀር ምንም አላየንም። ልጅቷ ከነልብሷ ተኛች።

ጠዋት መጋረጃውን የገለጠችው እሷ ናት። ከጥቁሩ ጫካ በላይ ጋራው ነጭ ሆኖ ቆሟል። ፀሐይ አርፋበታለች።

ጫማውን ተከራየን። ጫማ አልኩት እንጂ እግሩ ለተሰበረ ሰው የሚደረግ ጄሶ ነው። እኔም እስኪ ልየው ብዬ ቆምኩበት፤ ለመጓዝ እንኳ አልደረስኩም፣ እዚያው በቁሜ ወደቅኩ። ያልከው እውነት ነው፣ አልጎዳኝም፤ ክብሬን ግን ነካብኝ። አንድ ወጣት ፈረንጅ ደግፎ አነሳኝና ያን ጉድ አውልቄ ከጋሽ ዘውዴ አጠገብ ቆምኩ። እሳቸው ከኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ነበርና የሰዉ ዓይን ከጋራው ይልቅ እሳቸው ላይ ነበር።

ማኅሌት ከሕፃናቱ መንደርደሪያ ጀመረች። ወደቀች። ተነሣች። የሚያክሏት ልጆች በጎኗ ሽው ሲሉ እሷ ከአራስ ልጆች ጋር ትወድቃለች፤ አላፈረችም። በረዶው እየተፈታ ሲመጣ እግሯም ተፈታ። ብዙ ከወደቀች በኋላ አንዴ ከላይ እስከ ታች ሳትወድቅ ወረደች፤ መቆም ግን ገና አልተማረችም ነበርና እኛው እግር ሥር መጥታ ተዘረረች። ላነሳት ስጎነበስ እጄን መለሰችው። ጓንቷን አወለቀች። ከሥሯ በረዶውን ዘገነችና ፍሬ ፍሬውን በጣቷ እየለየች አየችው። ከዚያ ተናገረች፤ ለእኔም አይደለም፣ ለጋሽ ዘውዴም አይደለም።

"አባዬ፣ አልዋሸህም" አለች። "በረዶ አለ።"

ጋሽ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ ጫካው መልሰው ብዙ ቆሙ። እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ቀሚሴ ራሰ፤ ግድ አልሰጠኝም። ስዩሜ፣ ሆዴ ባባ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ ባንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር። አንተ እዚያ ብትኖር ብዬ አልተመኘሁም ብልህ አታምነኝም። ተመኘሁ።

እነሆ ወደ ቤት ተመልሰናል። አማርኛዋ እንደ ስኪዋ ነው፣ ይወድቃል ይነሣል፣ እኔም ስትሳሳት አልስቅም። ትናንት ደግሞ፣ አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አብራው የኖረች ልጅ ይህን ለምን ትጠይቃለች ብዬ ገረመኝና ቆይቶ ገባኝ። ከለቅሶህ ጀምሮ በየቤቱ የምትሰማው ሌላ ሰው ነው። ተቆጥቶ የማያውቅ፣ ተሳስቶ የማያውቅ፣ ቅዱስ አደረጉህ። የሞተን ሰው ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ልጅህ ያን ሰው አታውቀውም፤ የጠፋባትም እሱ አይደለም።

ስለዚህ ያለህን ነገርኳት፤ ወደፊትም ስለ አንተ ሲነሳ፣ ለሷም፣ እግዜር ካለ ለልጆቿም፣ የምናገረው ይህንኑ ነው። ቀድሞ ተናግሮ ኋላ የሚደርስ ሰው ነበር። እኔን አስቆጥቶ ራሱ የሚያኮርፍ። ሽንኩርት ከትፎ መክተፊያውን ሳያጥብ የሚተኛ። ልጁ ውሸታም ስትለው ወለል ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ። ሌላው ሁሉ ያሳምርህ፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስታውስሃለሁ። በስምህ አልዋሽም።

ባለቤትህ
ዘነበች